ከጠጠር እስከ ጡጦ፦ የጡት ወተት ስኳሮች ስም ከየት መጣ?

በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያ ካሉት የሕፃናት የዱቄት ወተቶች በብዙዎቹ ቆርቆሮ ጀርባ ላይ፣ ከዘይቱ፣ ከቫይታሚኑና ከማዕድኑ ዝርዝር መካከል፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ረጅም ስም አለ፤ «2′-ፉኮሲልላክቶስ» ይላል። ከቆርቆሮው ፊት ለፊት ደግሞ ያው ንጥረ ነገር በትልልቅ ፊደል ሌላ ስም ወጥቶለታል፤ «ኤች ኤም ኦ»። ይህ የሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ምሕጻር ሲፈታ «የሰው ወተት ኦሊጎሳካራይድ» ማለት ነው። የሚሸጠው ነገር አንድ ነው፤ ስሙ ሁለት ነው።

ስም፣ ያወጣው ሰው ነገሩን የት እንዳገኘውና ምን እንዲታመንለት እንደፈለገ ይናገራል። እነዚህን ሁለት ስሞች ከሥራቸው ነቅለን ብናያቸው፣ የጀርባው ስም እውነቱን እንደሚናገር፣ የፊቱ ግን ከአቅሙ በላይ እንደተሸከመ እንረዳለን። ለጨቅላ ልጇ ወተት የምትመርጥ እናት ይህን የማወቅ መብት አላት። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ጠጠሩ

«ሳካራይድ» ለአማርኛ ጆሮ ባዕድ ይመስላል እንጂ የገዛ ስኳራችን የሥጋ ዘመድ ነው። የሁለቱም ቃል አገር ጥንታዊቷ ህንድ ናት። በሳንስክሪት «ሻርካራ» ማለት ጠጠር፣ ኮረት ማለት ነበር፤ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ተፈልቶ ሲደርቅ ኮረት ስለሚመስል ስሙ ወደ ጣፋጩ ተሻገረ። ከዚያ በኋላ ቃሉ በሁለት መንገድ ተጓዘ። በአንዱ መንገድ ፋርሶች «ሸከር» አሉት፣ ዓረቦች ከፋርሶች ተቀብለው «ሱከር» አሉት፣ ከዓረብኛው የእኛ «ስኳር» መጣ። በሌላው መንገድ ግሪኮች «ሳካሮን»፣ ሮማውያን «ሳካሩም» አሉት፤ የ19ኛው መቶ ዘመን ኬሚስቶችም ከዚያ ተነሥተው «ሳካራይድ»ን አወጡ።

በ1ኛው መቶ ዘመን የኖረው ግሪካዊ ሐኪም ዲዮስቆሪዶስ፣ ሳካሮን በህንድና በደቡብ ዓረቢያ ሸምበቆ ውስጥ የሚረጋ የማር ዓይነት መሆኑን፣ በጥርስ ሲነከስም እንደ ጨው እንደሚሰበር ጽፏል። በዚያው መቶ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የንግድ መመሪያ፣ ማለትም አዱሊስን ከነንግዷ የሚያወሳልን መጽሐፍ፣ ከህንድ ተጭነው ወደ አፍሪካ ቀንድ ጠረፍ ገበያዎች የሚመጡትን ሸቀጦች ሲዘረዝር ስንዴ፣ ሩዝ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ የሰሊጥ ዘይት ካለ በኋላ «ሳካሪ» የሚባል የሸምበቆ ማር ይጨምራል። ቃሉ በቀጣናችን ወደቦች ሲጠራ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው።

«ኦሊጎ» ደግሞ በግሪክ «ጥቂት» ነው፤ የጥቂቶችን አገዛዝ «ኦሊጋርኪ» የምንለው ከዚሁ ነው። ብቻውን የቆመ ስኳር «ሞኖሳካራይድ»፣ እጅግ ብዙ ሆኖ የተቀጣጠለው፣ ለምሳሌ በእንጀራና በድንች ውስጥ ያለው ስታርች፣ «ፖሊሳካራይድ» ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ጥቂት ስኳሮች እጅ ለእጅ የተያያዙበት፣ «ኦሊጎሳካራይድ» ነው።

ወተቱ

የወተትን ስኳር ለይቶ በጽሑፍ ያስታወቀው ጣሊያናዊው ፋብሪዚዮ ባርቶሌቲ ነው፤ ጽሑፉ በ1633 ታተመ። ስም ለማግኘት ግን ሁለት መቶ ዓመት ቆየ። በ1843 ፈረንሳዊው ኬሚስት ዣን ባፕቲስት ዱማ ወተት ማለት ከሆነው ከላቲኑ «ላክ» ተነሥቶ «ላክቶስ» አለው። «ኦስ» የሚለው ጭራ ከ«ግሉኮስ» የተቀዳ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተገኘ ስኳር ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ጭራ ይጠራል።

ላክቶስ የሁለት ስኳሮች ጥምር ነው። አንዱ ግሉኮስ ነው፤ ስሙ ጣፋጭነትን ከሚገልጽ የግሪክ ሥር የመጣ ነው። ሌላው ጋላክቶስ ነው፤ የዚህ ሥር በግሪክ ወተት ማለት ነው። ግሪኮች በሌሊት ሰማይ ላይ የተዘረጋውን ነጭ ጎዳና ከዚሁ ቃል «ጋላክሲያስ» አሉት፤ ጋላክሲ ከዚያ መጣ። የእኛ ሊቃውንት ያንኑ ሰማያዊ ጎዳና በግእዝ ቃላት «ፍኖተ ሐሊብ» ይሉታል፤ የወተት መንገድ ማለት ነው።

«ሐሊብ» የሴም ቋንቋዎች የጋራ ሀብት ነው። ዓረብኛም «ሐሊብ» ይላል፤ ዕብራይስጥም ከዚሁ ሥር የወጣ ቃል አለው። በግእዝ ግሱ «ሐለበ» ነው። አማርኛ የጉሮሮውን ድምፅ ጥሎ «አለበ» አለና ግሱን አስቀረው፤ ስሙን ግን ትቶ በ«ወተት» ተካው። ስለዚህ ላም ስናልብ የምንሠራበት ግስ ግእዝ ሲሆን ጮጮው ውስጥ የሚወርደው በሌላ ስም ይጠራል። «አይብ»ንም ከ«ሐሊብ» የሚያመጡ የሥርወ ቃል አዋቂዎች አሉ፤ እንዲያ ከሆነ ሐሊብ ከቤታችን ጨርሶ አልወጣም።

የባሕሩ አረም

የቀረን ፉኮስ ነው። በ1890 ጉንተርና ቶለንስ የተባሉ ጀርመናውያን ኬሚስቶች ከባሕር አረም አንድ ስኳር አገኙ። «ፉኩስ» በላቲን የባሕር አረም ነው፤ ሮማውያን ከዚያ ለሚወጣው ቀይ ማቅለሚያና ለጉንጭ ቀለምም ይሉት ነበር። እነሱ የወሰዱት «ፊኮስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። ግሪኮች ደግሞ ከሴማውያን ነጋዴዎች እንደተቀበሉት የሚያምኑ ሊቃውንት ብዙ ናቸው፤ የሚያነጻጽሩትም «ፑክ» ከሚለው የዕብራይስጥ ቃል ጋር ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ኤልዛቤል ዓይኗን የተኳለችበት ነገር በዕብራይስጡ በዚህ ቃል ተጠርቷል።

አሁን የቆርቆሮው ጀርባ ስም ይነበባል። «ፉኮሲልላክቶስ» ማለት ፉኮስ የተቀጠለበት ላክቶስ ነው። ፊት ያለው «2′» አድራሻ ነው፤ ፉኮሱ የተቀጠለው በጋላክቶሱ ሁለተኛ ካርቦን ላይ መሆኑን ይነግረናል። ሦስት ስኳሮች፣ አንድ ቅጥያ፣ አንድ ቦታ። ኬሚስቶች ይህን ስም ሲያወጡ የጨመሩት ውዳሴ የለም።

በእናት ወተት ውስጥ ያለው ፉኮስ ከባሕር አረም አልመጣም፤ የእናትየው ገላ ራሱ ይሠራዋል። ስሙ የሚናገረው መጀመሪያ የታየበትን ስፍራ ነው። ሌላው የወተት ስኳሮች አካል የሆነው «ሲያሊክ አሲድም» እንዲሁ ነው። ስዊድናዊው ጉናር ብሊክስ በ1930ዎቹ በኡፕሳላ ከምራቅ ዕጢ ንፍጥ ስላገኘው፣ ምራቅ ከሚለው የግሪክ ቃል ተሰየመ። ግሉኮስ፣ ጋላክቶስ፣ ፉኮስ፣ ሲያሊክ አሲድና ኤን-አሴቲል ግሉኮሳሚን፦ የጡት ወተት ኦሊጎሳካራይዶች ሁሉ የሚገነቡት ከእነዚህ ከአምስቱ ነው። ከአምስት ጡብ ከ150 በላይ የተለያዩ ቅርጾች ይወጣሉ።

ሕፃኑና ባላው

ወተቱን የሚጠባው በላቲን «ኢንፋንስ» ነው። «ኢን» አፍራሽ ነው፤ «ፋንስ» የሚናገር ነው፤ ባንድነት «የማይናገር» ማለት ይሆናል። ግእዝ ሕፃንን በጉድለቱ አልጠራውም። «ሐፀነ» አቀፈ፣ ተንከባከበ፣ አሳደገ ነው። «ሕፅን» እቅፍ ነው፤ «ሕፅነ አብርሃም» ስንል የአብርሃም እቅፍ ማለታችን ነው። «ሐፃኒት» ልጅ የምታሳድግ ሞግዚት ናት። «ሕፃን» እንግዲህ በእቅፍ የሚያድግ ነው። ላቲኑ ልጁን ብቻውን አይቶ ስም አወጣለት፤ ግእዙ ከአቃፊው ጋር አየው። ስለ ጡት ወተት ሳይንስ የደረሰበትን ስናይ፣ ከሁለቱ ለነገሩ ይበልጥ የቀረበው የግእዙ ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ ከተሞች በጡጦ የሚያድጉ ጨቅላዎች ጡት ከሚጠቡት እጅግ በበለጠ ይሞቱ ነበር። የሕፃናት ሐኪሞች ምክንያቱን አንጀት ውስጥ ፈለጉት። በሙኒክ ይሠራ የነበረው ቴዎዶር ኤሸሪኽ የጨቅላዎችን ዐይነ ምድር በማይክሮስኮፕ መርምሮ፣ በ1885 ያገኘውን በትር መሰል ባክቴሪያ «ባክቴሪየም ኮላይ ኮሙኔ» አለው፤ የትልቁ አንጀት የተለመደ ባክቴሪያ እንደማለት ነው። እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1919፣ ባክቴሪያው በስሙ «ኤሸሪኪያ ኮላይ» ተባለ። ዛሬ «ኢ. ኮላይ» የምንለው ይኸው ነው።

በፓሪሱ የፓስተር ኢንስቲትዩት ደግሞ ሄንሪ ቲሲየ፣ በዚያ መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ጡት በሚጠቡ ሕፃናት ዐይነ ምድር ውስጥ ሌላ ባክቴሪያ በብዛት አገኘ። ጫፉ እንደ ባላ እንጨት ለሁለት የተሰነጠቀ ነበርና «ቢፊዱስ» አለው፤ በላቲን ለሁለት የተከፈለ ማለት ነው። ዛሬ በእርጎ ዕቃ ላይ ሳይቀር የሚነበበው «ቢፊዶባክቴሪየም» ከዚህ የመጣ ነው። ከዝርያዎቹ አንዱ «ኢንፋንቲስ» ይባላል፤ የሕፃን ማለት ነው። ይህ ስያሜ ተገቢ መሆኑ የተረጋገጠው በኋላ ነው።

ጥያቄው ይህ ነበር፦ ባላው ባክቴሪያ ጡት በሚጠባ ልጅ አንጀት ውስጥ ለምን በዛ? በ1950ዎቹ በፊላዴልፊያ ይሠራ የነበረው የሃንጋሪ ተወላጅ ሐኪም ፖል ጆርጅ፣ በሃይድልበርግ ከነበረው ኬሚስት ሪቻርድ ኩን ጋር ሆኖ ጥያቄውን ተከተለ። በሰው ወተት ውስጥ ይህን ባክቴሪያ የሚያሳድግ ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ ሳይለይ «የቢፊዱስ ፋክተር» ተባለ። ሲለይ ኦሊጎሳካራይዶች ሆነው ተገኙ።

ነገሩ ድንቅ ነው። ከእንገር በኋላ በሚወርድ አንድ ሊትር የጡት ወተት ውስጥ 70 ግራም ገደማ ላክቶስ፣ ከ5 እስከ 15 ግራም ደግሞ ኦሊጎሳካራይድ አለ። መጀመሪያ በሚወርደው እንገር ውስጥ ኦሊጎሳካራይዱ ከ20 ግራም ያልፋል። በላም ወተት ውስጥ ያለው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ነገር ግን ሕፃኑ ይህን ስኳር የሚፈጭ ኢንዛይም የለውም። እናት ጉልበቷን አፍስሳ የምትሠራው ይህ ምግብ፣ የልጇን ጨጓራና ትንሹን አንጀት ሳይነካ አልፎ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ የሚበሉት ባክቴሪያዎቹ ናቸው። በ2008 የኢንፋንቲስ ዘረ መል ሙሉ በሙሉ ሲነበብ፣ እነዚህን ስኳሮች ለመሳብና ለመሰባበር ብቻ የሚያገለግሉ ዘረ መሎች ባንድ ቦታ ተሰባስበው ተገኙ። ባክቴሪያው ስኳሩን በልቶ አሲድ ያወጣል፤ አሲዱ ለጎጂ ተሕዋስያን አንጀቱን የማይመች ያደርገዋል።

ስኳሮቹ ሌላም ሥራ አላቸው። የአንጀት ግድግዳ በስኳር ሰንሰለቶች የተሸፈነ ነው፤ ብዙ ተሕዋስያን የሚጣበቁት በእነዚያ ላይ ነው። የወተቱ ስኳር ቅርጹ ተመሳሳይ ስለሆነ ተሕዋሱ በስሕተት በእሱ ላይ ተጣብቆ ከዐይነ ምድር ጋር ይወጣል። በ2004 የታተመ በሜክሲኮ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት፣ በእናቶቻቸው ወተት ውስጥ 2′-ፉኮሲልላክቶስ ድርሻው ከፍ ያለላቸው ሕፃናት በካምፒሎባክተር የሚመጣው ተቅማጥ ያነሰ እንደሚይዛቸው አሳይቷል።

ሁሉም እናት ግን ይህን ስኳር አትሠራም። ሥራው በአንድ ዘረ መል የሚወሰን ነው፤ ያላት እናት «ሴክሬተር»፣ አመንጪ፣ ትባላለች። ስሙ ከወተት የመጣ አይደለም፤ መጀመሪያ የታወቀው የደም ዓይነትን በምራቃቸው የሚያመነጩ ሰዎች ሲለዩ ነው። ከአውሮፓ ዘር ከሆኑት ሴቶች ከአምስት አንዷ ገደማ አመንጪ አይደለችም፤ ልጇም በሌሎቹ ስኳሮች ያድጋል። በ2017 የታተመ ጥናት ከ11 ማኅበረሰቦች የተውጣጡ 410 ጤነኛ እናቶችን ወተት አነጻጽሯል። ሁለቱ ማኅበረሰቦች ከኢትዮጵያ ነበሩ፤ አንዱ ከገጠር፣ አንዱ ከከተማ። ውጤቱ የስኳሮቹ መጠን ከአገር አገር በሰፊው እንደሚለያይ ነው፤ ለምሳሌ 3-ፉኮሲልላክቶስ የተባለው በስዊድን እናቶች ወተት ውስጥ ከጋምቢያ ገጠር እናቶች ከአራት እጥፍ በላይ ነበር። ስለዚህ ባንድ ቀመር የሚገለጽ አንድ «የሰው ወተት» የለም።

ቀመሩና ቆርቆሮው

ቀመር ካልን፣ «ፎርሙላ» የሚለው ቃል ወደ ሕፃን ጡጦ የገባበት መንገድ ይህ ነው። በላቲን «ፎርማ» ቅርጽ ነው፤ «ፎርሙላ» ትንሿ ቅርጽ፣ ደንብ ነው። በ1891 በቦስተን ዎከር ጎርደን የተባለ የወተት ላቦራቶሪ ተከፈተ። የሃርቫርዱ የሕፃናት ሐኪም ቶማስ ሞርጋን ሮች ለእያንዳንዱ ሕፃን የቅባቱን፣ የስኳሩንና የፕሮቲኑን መቶኛ ያዝዝ ነበር፤ ላቦራቶሪውም በትእዛዙ መሠረት የላም ወተት ይቀምር ነበር። የሐኪሙ ቀመር መጠሪያ በጊዜ ብዛት የወተቱ መጠሪያ ሆነ። አማርኛ ለሒሳቡ «ቀመር» ሲል ለወተቱ «ፎርሙላ»ን እንዳለ ወሰደ፤ ከዚያ ቀደም ብሎ ግን ሕዝቡ ባየው ሰይሞት ነበር፤ የዱቄት ወተት፣ የቆርቆሮ ወተት።

ነጋዴዎች ያወጧቸው ስሞች ሌላ ጠባይ አላቸው። በ1867 በስዊዘርላንዷ ቬቬይ የወተት ዱቄቱን ለገበያ ያቀረበው ሄንሪ ኔስሌ፣ ስሙ በትውልድ አገሩ ጀርመንኛ «ትንሿ ጎጆ» ማለት ነበርና፣ ጫጩቶቿን የምትመግብ ወፍ ያለችበትን ጎጆ የንግድ ምልክቱ አደረገ። በአሜሪካ ኮሎምበስ ከተማ ይሠራ የነበረ ሌላ ወተት በ1927 «ሲሚላክ» ተባለ፤ «ጡት ከማጥባት ጋር ተመሳሳይ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ሐረግ አጥፎ የያዘ ስም ነው። አንዱ የወላጅን ጎጆ፣ ሌላው የጡትን ምሳሌነት ለቆርቆሮ አዋሰ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ኦሊጎሳካራይዶቹ ከቆርቆሮው ውጭ ነበሩ። ከላም ወተት በሚበቃ መጠን አይገኙም፤ ከሰው ወተት አውጥቶ መሸጥም አይታሰብም። መንገዱ የተከፈተው ባክቴሪያ እንዲሠራቸው ማድረግ ሲቻል ነው። ዘረ መሉ የተለወጠ ባክቴሪያ በትልቅ ጋን ውስጥ ላክቶስና ሌላ ስኳር እየተመገበ ፉኮሱን በላክቶሱ ላይ ይቀጥላል፤ ከዚያ ፈሳሹ ይጣራል፣ ይነጠራል፣ ይደርቃል፣ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ለዚህ ሥራ በብዛት የተመረጠው ባክቴሪያ ኤሸሪኪያ ኮላይ ነው። የጨቅላዎችን አንጀት ለማወቅ ዕድሜውን የሰጠ ሐኪም ስም፣ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ የጨቅላዎችን ስኳር በሚያመርተው ፍጡር ላይ ይገኛል።

የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለ ሥልጣን በ2015 ስኳሩ ለሕፃናት ወተት ደህና መሆኑን መሰከረ፤ ገደቡም በሊትር 1.2 ግራም ሆነ። በ2016 የአውሮፓ ኅብረት ፈቀደ፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካም ይህ ስኳር የተጨመረበት ወተት ገበያ ላይ ወጣ። የተደረጉት ጥናቶች እንዳሳዩት ይህን ወተት የሚጠጡ ሕፃናት በወጉ ያድጋሉ፤ የአንጀታቸው ባክቴሪያ ጡት ወደሚጠቡት ይጠጋል። ጡት ማግኘት ላልቻለ ልጅ ይህ መልካም ዜና ነው፤ ለሠሩትም ምስጋና ይገባቸዋል።

የስሙ ክርክር

አውሮፓ ፈቃዱን ስትሰጥ ስሙንም አብራ ወስናለች፤ በምግቡ መለያ ላይ የሚጻፈው «2′-ፉኮሲልላክቶስ» ነው። የጀርባው ስም የሕግ ስም ነው። «የሰው ወተት ኦሊጎሳካራይድ» የሚለው ከፊት የመጣው በማስታወቂያ በኩል ነው።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። በግንቦት 1981 የዓለም ጤና ጉባኤ በ118 ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞ፣ የጡት ወተት ምትኮችን ገበያ የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ደንብ አጸደቀ፤ ብቸኛዋ ተቃዋሚ አሜሪካ ነበረች። የደንቡ 9ኛ አንቀጽ ስለ መለያ ጽሑፍ ሲደነግግ የዱቄት ወተትን የሚያሞካሽ ሥዕልና ጽሑፍ ይከለክላል፤ ከዚያም ሁለት ቃላት ለይቶ ይጠራል፦ «ወደ ሰው ወተት የተለወጠ» እና «ወደ እናት ወተት የተለወጠ» የሚሉት፣ ተመሳሳዮቻቸውም፣ በቆርቆሮ ላይ አይጻፉ ይላል። የአውሮፓ ኅብረት የ2013 ሕግም የዱቄት ወተትን የሚያሞካሽ ሥዕልና ጽሑፍ ይከለክላል። ደንቡን ያረቀቁት ሰዎች አንድ ቃል የሚችለውን ያውቁ ነበር፤ የምትደክም፣ የምትጠራጠር፣ ወተቴ አይበቃም ብላ የምትሰጋ እናት፣ «የሰው» ወይም «የእናት» የሚል ቃል በቆርቆሮ ላይ ስታይ ልቧ ወዴት እንደሚያደላ ያውቁ ነበር።

አሁን «የሰው ወተት» የሚለው ቃል በሌላ በር ገብቷል። የተለወጠው ወተቱ ነው ባይባልም፣ በውስጡ ያለው «የሰው ወተት ስኳር» ነው ተባለ። በ2022 የጀርመን የሕፃናት ሕክምና ማኅበር የሥነ ምግብ ኮሚቴ በዚህ ላይ አቋሙን አወጣ። የተጨመሩት ስኳሮች ደህንነት እንደማያሰጋ፣ ነገር ግን በጤና ላይ የሚያመጡት ጥቅም ጸንቶ እንዳልተረጋገጠ፣ ስለዚህም ከሌላው ወተት አስበልጦ እንደማይመክራቸው ገለጸ። ቀጥሎ ስለ ቃሉ ተናገረ፤ በዱቄት ወተት ማስታወቂያ ላይ «የሰው ወተት ኦሊጎሳካራይድ» እና «ኤች ኤም ኦ» ማለት ወተቱን ያለ አግባብ ማሞካሸት ነው፣ ይቁም አለ።

እኔም ከኮሚቴው ጋር ነኝ። በጋን የተሠራው ስኳር ከጡት ከሚመነጨው ጋር በቅርጹ አንድ ነው፤ በዚህ በኩል ስሙ አልዋሸም። የሚያሳስተው ከፊል ሲሆን ሙሉ መምሰሉ ነው። ከ150 ከሚበልጡት አንድ፣ ሁለት፣ ወይም አምስት ገብተው የሁሉን ስም ይይዛሉ። መጠናቸው ልጁ ሲያድግ አይለወጥም፤ የእናት ወተት ግን ከእንገር ጀምሮ ከሳምንት ሳምንት ይለወጣል። ስኳሮቹን አጅበው ከእናት ገላ የሚመጡት የመከላከያ ፕሮቲኖችና ሕያዋን ህዋሶችም ቆርቆሮው ውስጥ የሉም።

የእኛ ቃላት

ይህ ስም ወደ አማርኛም እየመጣ ነው። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በዱባይ፣ በአዲስ አበባ ፋርማሲዎች ፊት የሚቆሙ እናቶች ያዩታል፤ ነርሶችና አስተርጓሚዎች አንድ ቀን በአማርኛ ሊሉት ግድ ነው። ስለዚህ ያሉንን ቃላት እንያቸው።

«ጠባ» የጥንት ቃል ነው፤ ከግእዙ «ጠበወ» የመጣ ሲሆን «ጥብ» ጡት ነው። «መስከረም ሲጠባ» ከሚለው ጋር በድምፅ ቢገጥምም ዘሩ ሌላ ነው፤ ያኛው የመጣው ነጋ ከሚለው «ጸብሐ» ነው። «ጡጦ» ደግሞ ከ«ጡት» ጋር ያለውን ዝምድና ማንም ጆሮ ይሰማዋል። አማርኛ ጡጦን በጡት አምሳል ሲሰይም ያዋሰው የዕቃውን ቅርጽና የመጥባቱን ሥራ ነው፤ ውስጡ ያለውን ወተት ግን «የዱቄት» ብሎ ለይቶታል። ይህ አስተዋይ ስያሜ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ቃላችን «እንገር» ነው። ከብት አርቢ እንገር ያልጠባ ጥጃ እንደማይጠና ያውቃል። በሴት ጡት ላይ ግን በብዙ አካባቢ ይህ ወፍራም ቢጫ ወተት እንደ ቆሻሻ ታልቦ ሲደፋ፣ ጨቅላውም ቅቤ ወይም የስኳር ውሃ ሲቀምስ ኖሯል። የተደፋው ግን ኦሊጎሳካራይድ ከሁሉ የበዛበት ወተት ነው፤ በየትኛውም ቆርቆሮ ውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ነበሩ። የአንጀት ጤና የሚያሳስበው ሰው በአማርኛ መጀመሪያ ማስተማር ያለበት ቃል እንገር ነው።

ለተጨመረው ስኳር ደግሞ የጀርባውን ስም እንያዝለት። «ፉኮሲልላክቶስ የተጨመረበት የዱቄት ወተት» ረጅም ነው፤ እውነት ነው። ነርሷ ማስረዳት ከፈለገች «በባክቴሪያ የተመረተ፣ በጡት ወተት ውስጥ ካሉት ብዙ ስኳሮች ከአንዱ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ስኳር» ትበል። «የእናት ወተት ስኳር ያለበት» የሚለውን ትርጉም ግን ማንም እንዳይጽፈው እማጸናለሁ፤ በአማርኛ «የእናት» የሚለው ቃል ከእንግሊዝኛው «የሰው» ከሚለው ይልቅ ልብ ይነካል፣ ስለዚህም ይበልጥ ያሳስታል።

ጡት ማጥባት ያልቻለች እናት በዚህ ሁሉ ውስጥ ልትወቀስ አይገባም። ለልጇ የሚያስፈልገው ለዕድሜው የተፈቀደ ወተት፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ፣ የታጠበ ጡጦና በትክክል የተሰፈረ ዱቄት ነው። ፉኮሲልላክቶስ ያለበትን መግዛት ከቻለች መልካም ነው፤ ዋጋው ከአቅሟ በላይ ከሆነ ደግሞ ያለ እሱ የሚሸጠውን ገዝታ ልጇን ብትመግብ ምንም አላጎደለችበትም።